ስልክም እግር ነው

ስልክን መፍራት ከስልክ ጋር አብሮ የመጣ ነገር ነው። የሀገራችን የስልክ ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1894 ይጀምራል፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ከታሪኩ ጎን ለጎን ሲነገር የኖረ ጨዋታም አለ። ሰው የሌለበት ድምፅ በቤተ መንግሥት ሲሰማ ጊዜ ካህናቱ «ይህስ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ንጉሡን አስቸገሩ ይባላል። ይህን ስንሰማ እንስቃለን። እኔ ግን በእነዚያ ካህናት መሳቅ ካቆምሁ ቆይቻለሁ። ፊት የለው፣ እጅ አይነሣ፣ «ቤቶች!» ብሎ ከደጅ አይጣራ፤ ሳይፈቀድለት እልፍኝ ድረስ የሚዘልቅ እንግዳ ቢያስደነግጥ ምን ይደንቃል?

ስልክን የሠራው ሰው ራሱ የተማመነበት አይመስልም። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1876 አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሽቦ ላይ ለረዳቱ ለዋትሰን ያስተላለፈው የመጀመሪያ መልእክት፣ ወዲህ እንዲመጣና ሊያየው እንደሚፈልግ የሚገልጽ ነበር። የዓለም የመጀመሪያው የስልክ ንግግር የሰው ፊት የማየት ጥያቄ ሆነ ማለት ነው።

ይህን የማነሣው የታሪክ አዋቂ ለመባል አይደለም። እንጀራዬ በስልክ ላይ ስለቆመ ነው። ሻጭ ነኝ። የማላውቀው ሰው ዘንድ እየደወልሁ፣ በዐይኑ አይቶት የማያውቀውን ነገር እንዲገዛኝ የምጠይቅ ሻጭ። በዚህ ሥራ ላይ ሆኖ ስልክ መፍራት ዋናተኛ ሆኖ ውሃ እንደ መፍራት ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲያ ነበርሁ። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ያ ፍርሃት እንዴት እንደ ተገራ ነው።

ነገሌ ቦረናን ብዙ ሰው የሚያውቃት በአንድ ቀን ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈሩት የአራተኛ ብርጌድ ወታደሮች ስለ ምግባቸውና ስለሚጠጡት ውሃ አቤት ብለው ሰሚ በማጣታቸው አመፁ፤ ከአዲስ አበባ የተላኩላቸውን ጄኔራልም ያዙ። የአብዮቱን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይነሣሉ። እኔ የዚያ ጦር ሰፈር ጎረቤት ሆኜ አደግሁ፤ አባቴም ከዓመታት በኋላ ወደዚያው የተመደበ ወታደር ነበር። አማርኛን ከቤት፣ ኦሮምኛን ከደጅ፣ ጥቂት ሶማልኛ ደግሞ ከገበያ ለመድሁ። ከክብረ መንግሥት ደን ቁልቁል የሚመጣው መንገድ ነገሌ ይደርስና ግራር ወደ በዛበት ቆላ ይበተናል፤ አንዱ ወደ ፊልቱና ዶሎ ኦዶ፣ ሌላው ወደ አሬሮና ወደ ሞያሌ አቅጣጫ። የእኔ ድምፅ የሚሄደው በእነዚህ መንገዶች ዳርና ከመንገዶቹም ርቆ ነው።

የምሸጠው የእንስሳት መድን ነው። መድን ሲባል ላም ስትሞት የላሟ ዋጋ የሚከፈል የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሰማይ የምትዞር ሳተላይት የምድሩን ልምላሜ ትለካለች። የአንድ አካባቢ ግጦሽ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ፣ በዚያ አካባቢ አረቦን የከፈለ ሁሉ ካሣ ያገኛል። የማን ላም ሞተች፣ የማንስ ተረፈች ብሎ የሚቆጥር የለም። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው የነደፉት ይህ አሠራር በሰሜን ኬንያ ማርሳቢት እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀመረ፤ በ2012 ደግሞ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ በቦረና መሸጥ ያዘ። ሥራውን ከመሩት አንዱ የሆነው ኬንያዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አንድሩ ሙዴ እ.ኤ.አ. በ2016 በኖርማን ቦርሎግ ስም የሚሰጠውን የመስክ ምርምር ሽልማት ተቀብሎበታል። እኔ የምሠራበትን ቤት መጥቀስ ለዚህ ጽሑፍ አይረባም፤ ስለ ራሴ እንጂ ስለ እርሱ አልጽፍምና።

ሽያጩ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በቆላው ሁለት ዝናብ አለ፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው «ገና» (ከእኛ የልደት በዓል ጋር በስም ብቻ ይገናኛል) እና ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የሚጥለው አጭሩ «ሐጋያ»። መድኑ የሚገዛው ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ነው። ዝናቡ ከቀረ በኋላ የሚገዛ መድን የለም። እንግዲህ ጊዜው አጭር፣ አገሩ ሰፊ፣ መኪናው ጥቂት ነው፤ በእግር የማይደረስበት ሁሉ በስልክ ይደረሳል።

ደብተሬ ላይ በአንድ ወቅት እስከ ሁለት መቶ ስም ይሰፍራል። ጠዋት እገልጠዋለሁ። ቡና ይቅደም እላለሁ። ከቡና በኋላ የምናገረውን በወረቀት እጽፋለሁ፤ እሰርዛለሁ፤ እንደገና አሳምሬ እገለብጣለሁ። ከዚያ ሰዓቱን አያለሁ። አሁን ከብት የሚታለብበት ሰዓት ነው። አሁን ደግሞ ከብት ወደ ግጦሽ የሚሰማራበት ነው። ዛሬ የገበያ ቀን ነው። አሁን ፀሐይዋ ከርራለች፣ ከጥላ ሥር አረፍ ብለው ይሆናል። አመሻሽ ላይ ደግሞ «በዚህ ሰዓት ሰው ይደወልለታል?» በመጨረሻ ዐይኔን ጨፍኜ ስደውል፣ ስልኩ መጥራት ሲጀምር ባያነሡት እያልሁ እጸልያለሁ። ደንበኛውን ለጊዜው ማግኘት እንደማይቻል የምትነግረኝን ያችን የተቀዳች የሴት ድምፅ ያህል የሚያጽናና ድምፅ በዓለም ላይ አልነበረኝም። አመስግኜያት ወደሚቀጥለው ስም እሻገር ነበር።

ይህ ምን ዓይነት ፍርሃት ነው ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ሰው ፊት መቆም አልፈራም። ገበያ መካከል ቆሜ ሃምሳ ሰው ሰብስቤ ተናግሬ አውቃለሁ። የከተማችንን ሱቅ በደረቴዎች ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ካልሲውንና ባትሪውን በደረቱ ተሸክሞ የሚዞረው ልጅ ዕቃውን የሚያቀርበው የሰውን ፊት ካነበበ በኋላ ነው። ግንባሩ የተቋጠረውን ያልፈዋል፤ ዐይኑ ዕቃው ላይ ያረፈውን ይከተለዋል። በሶማሌ ነጋዴዎች ዘንድ ደግሞ ሻጭና ገዥ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ከጨርቅ ሥር በጣቶቻቸው ዋጋ የሚነጋገሩበት ልማድ አለ። ሌላው ሰው አይሰማም፤ እነርሱ ግን አንዱ የሌላውን መዳፍ ሙቀት ያውቃሉ። ስልክ ፊቱንም መዳፉንም ወስዶ ድምፅ ብቻ ያስቀርልሃል። ከወዲያ ያለው ሰው ዝም ሲል እያሰበ ይሁን፣ ተቆጥቶ ይሁን፣ ወይስ ጥጃ እያሠረ ይሁን ማወቂያ የለም። ያን ዝምታ የሚሞላው የደዋዩ ጥርጣሬ ነው። የእኔ ጥርጣሬ ደግሞ ዝምታውን ሁሉ በቁጣ ይሞላው ነበር።

አሜሪካውያኑ ጆርጅ ዳድሊና ሻነን ጉድሰን የሻጮችን የመደወል ፍርሃት አጥንተው ዐሥራ ሁለት ዓይነት አድርገው ከፋፍለውታል። ያለ ልክ የሚዘጋጅና ከመዘጋጀት የማይወጣ አለ። ሰው አስቸግራለሁ ብሎ የሚሸሽ አለ። መሸጥን እንደ ውርደት ቆጥሮ በሥራው የሚያፍር አለ። ባለጸጋና ባለማዕረግ ፊት የሚርድ አለ። ወዳጁን፣ ዘመዱን መጠየቅ የሚከብደው አለ። ስልኩን ራሱን የሚፈራም አለ። ራሴን ቢያንስ በአራቱ ውስጥ አገኘሁት። ነገር ግን እነርሱ በዐሥራ ሁለት ስም የጠሩትን አብዛኛውን እኛ በአንድ ቃል እንጠራዋለን፤ ይሉኝታ እንለዋለን። ይሉኝታ በሽታ ብቻ አይደለም። የሰው ደጅ የሰው ደጅ መሆኑን የሚያስታውስ ነገር ነው። ደፋርና ጢስ መውጫ አያጣም ይባላል፤ እውነት ነው፤ ጢስ ግን ሲወጣ የቤቱን ሰው ዐይን አስለቅሶ ነው።

የሽያጭ ሥልጠና የሚሰጠን ሰው ከአዲስ አበባ ይመጣል። ቅን ሰው ነው፤ ምክሩም ከንቱ አልነበረም። መስታወት ፊት ሆናችሁ ፈገግ እያላችሁ ደውሉ፣ ፈገግታ በድምፅ ይሰማል ይለናል። ቆማችሁ ተናገሩ፣ ድምፃችሁ ይጠራል ይለናል። ከሁሉም በላይ ግን በመጀመሪያው ዐሥር ሰከንድ ስማችሁን፣ የመጣችሁበትን ቤትና ደንበኛው የሚያገኘውን ጥቅም ተናግራችሁ ጨርሱ ይል ነበር። ይህ ለቦሌ ሊሆን ይችላል። በቆላው ግን በዐሥር ሰከንድ ጉዳዩን የሚናገር ሰው ወይ መርዶ ይዟል፣ ወይ አሳዳጊ የበደለው ነው። በተለይ የምትደውለው ሴት፣ የሚያነሡት ሽማግሌ፣ ነገሩ ደግሞ ስለ ከብት ከሆነ።

መፍትሔው የመጣው ካላሰብሁት ሰው ነው። በነገሌ የከብት ገበያ ዳር አንድ ያረጁ ደላላ አሉ። ስልካቸውን በአንገታቸው በክር አንጠልጥለው፣ በቀን ከመቶ ሰው ጋር የሚነጋገሩ ይመስለኛል። አንድ ቀን ከአጠገባቸው ሆኜ ለመደወል ስታገል አዩኝና፣

«ምነው ልጄ፣ ስልኩ ፍም ሆነብሽ?» አሉኝ።

«የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ይጨንቀኛል።»

«ስልክም እግር ነው። በእግርሽ ሰው ቤት ብትሄጂ ባዶ እጅሽን ትሄጃለሽ?»

«አልሄድም። ቢያንስ ቡና እይዛለሁ።»

«በስልክ ቡና አይላክም። ወሬ ግን ይላካል። ወሬ ይዘሽ ሂጂ።»

ከዚያ በኋላ እርሳቸው ሲደውሉ አዳምጥ ጀመር። ሰላምታው ብቻ ረጅም ነው። ኦሮምኛ «ነጋ» የሚለው ቃል ሰላም ማለት ነው፤ ቦረናዎች ሰላምታ ሲለዋወጡ ይህን ቃል እንደ ዶቃ ይሰኩታል። አንተ ነጋ? ቤተሰቡ ነጋ? ከብቱ ነጋ? መንደሩ ነጋ? ግጦሹ፣ ውሃውስ? ለእያንዳንዱ መልሱ «ነጋ» ነው። ከዚያ ወሬ ይከተላል፦ ትናንት የት ዘነበ፣ የዱብሉቅ ገበያ እንዴት ዋለ፣ የትኛው መንገድ በጎርፍ ተቆረጠ፣ የክትባት ሰዎች የት ደረሱ። ደላላው የሰሙትን ይሰጣሉ፤ ከወዲያም ይቀበላሉ። ሰንጋ ስለ መግዛት የሚነሣው በመጨረሻ፣ እንደ ዋዛ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ደዋዩ ለማኝ መሆኑ ቀርቶ እንግዳ ሆኗል።

አፋሮች ይህን ወሬ የመቀባበል ሥርዓት ዳጉ ይሉታል፤ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይሰጥ አያልፍም። በቦረናም መንገደኛ ስለ ዝናብና ስለ ግጦሽ ይጠየቃል፤ መንጋው ወዴት እንደሚነዳ የሚወሰነው በዚያ ወሬ ነውና። በቱላ ጉድጓዶች ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ በእጅ በእጅ ውሃ እየተቀባበሉ እንደሚያወጡት፣ ወሬም ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ይሻገራል። እዚህ አገር ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ጥንትም አልተጠላም። የሚጠላው ምንም ሳይዝ መጥቶ አምጡ የሚል ድምፅ ነው።

ደብተሬን ቀየርሁት። ከስሙና ከስልክ ቁጥሩ ጎን «ወሬ» የሚል ዓምድ አሰመርሁ። ጠዋት ስልኩን ከማንሣቴ በፊት ወደ መናኸሪያው ሄጄ ከሾፌሮች የመንገዱን፣ ከገበያው ደግሞ የከብቱን ዋጋ እሰበስባለሁ። ያ ዓምድ ሲሞላ እጄ መንቀጥቀጡን ቀነሰ። የምሰጠው ነገር ነበረኝ።

በዚህ መንገድ መጀመሪያ የደወልሁት አሬሮ አካባቢ ለሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነው። ሰላምታውን ጨረስን። ከነገሌ በታች ትናንት ማታ ስለ ጣለው ዝናብ ነገርኋቸው። በየት በኩል እንደ ጣለ፣ መሬቱን እንዳራሰና እንዳላራሰ ጠየቁኝ። ከዚያ፣

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉ።

«የወታደር ልጅ ነኝ፤ ነገሌ ነው ያደግሁት።»

«ውሃ አጣን ብለው ንጉሥ ያወረዱት ወታደሮች?» ብለው ሳቁ። «እንግዲያስ ጥም ታውቂያለሽ። ምን ፈልገሽ ነው?»

ጉዳዬን ስነግራቸው ከክፉው ጀመርሁ። ዝናቡ መልካም ከሆነ የከፈሉት ገንዘብ አይመለስም። የእርስዎ ላም ብትሞት እንኳ፣ የአካባቢው ግጦሽ ከልኩ በታች ካልወረደ ካሣ የለም። በወዲያኛው ጫፍ ዝምታ ሆነ። ያን ጊዜ ግን ዝምታውን በቁጣ አልሞላሁትም፤ ቆየሁ።

«ታዲያ ለምን እገዛለሁ?» አሉ በመጨረሻ።

«ከብት ላለቀበት ሰው ጎሣው ቡሳ ጎኖፋ ያወጣለታል አይደል?»

«ያወጣለታል።»

«የጎሣው ሁሉ ከብት በአንድ ጊዜ ሲያልቅስ?»

አሁንም ዝም አሉ። ቡሳ ጎኖፋ የቦረና የመረዳጃ ሥርዓት ነው፤ የደኸየውን ያልደኸየው መልሶ ያቋቁመዋል። ድርቅ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ሲመታ ሰጪ ይጠፋል። መድኑ የተፈለገው ለዚያ ቀን ነው፤ ገንዘቡ ድርቁ ካልደረሰበት ሩቅ ስፍራ እንዲመጣ።

«ነገርሽ ገብቶኛል» አሉኝ። «ዘንድሮ አልገዛም። የዝናብ ወሬ ስታገኚ ግን ደውዪልኝ።»

አልገዙም። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁና ለብቻዬ ሳቅሁ። ለስንት ጊዜ እንደ ፍርድ የፈራሁት «አይሆንም» ይህን ይመስል ኖሯል! ሽማግሌው የመለሱት አረቦኑን ነው፤ እኔን አልመለሱም። ደጁ እንደ ተከፈተ ነው። ክፉውን አስቀድሜ ስለ ነገርኋቸው ደግሞ የምደብቀው፣ ይነቃብኝ ይሆን ብዬ የምሠጋበት ነገር አልነበረኝም። ከፍርሃቴ ምን ያህሉ ከዚህ ሥጋት የተሠራ እንደ ነበረ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ፍርሃቴ ዝም ብሎ ደካማነት አልነበረም። የማያውቁትን ሰው ገንዘብ ስትጠይቂ በሙሉ እውነት ጠይቂ እያለኝ ኖሯል፤ ቋንቋው ሳይገባኝ ቆየ እንጂ።

ታሪኬ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ከ2013 ዓ.ም. ሐጋያ ጀምሮ ግን አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። እስከ 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ያ ድርቅ በአርባ ዓመት ውስጥ ያልታየ ተባለ፤ በአፍሪካ ቀንድ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ እንስሳት አለቁ፣ ቦረናም ከሁሉ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ሆነ። የደብተሬ የወሬ ዓምድ በክፉ ወሬ ተሞላ። የመኖ መኪና የት እንደ ደረሰ፣ የትኛው ጉድጓድ ገና እንዳልነጠፈ እናገር ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚሰጥ አልነበረም። ወሬ ይዘሽ ሂጂ ያሉኝ ሽማግሌ፣ ወሬው ራሱ ሞት ሲሆን ምን ይዤ እንደምሄድ አልነገሩኝም።

ፍርሃቱ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ግን መልኩ ሌላ ነበር። ድሮ የምፈራው እንዳይቆጡኝ ነው፤ አሁን የፈራሁት ኀዘናቸውን መስማት ነው። በተለይ የካሣ ስሌት ሲመጣ። በብዙ ስፍራ ካሣ ወጣ፤ በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ በአንዱ ወቅት የሳተላይቷ ልኬት ከመነሻው ልክ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ያ ማለት ለዚያ ወቅት ክፍያ የለም ማለት ነው። አረቦን ከፍለው፣ ከብታቸውም አልቆ፣ ገንዘቡ የማይመጣላቸው ሰዎች ነበሩ። አጭር የጽሑፍ መልእክት ልኮ መገላገል ይቻል ነበር። ነገሩን በቀበሌ በኩል እንዲሰሙ መተውም ይቻል ነበር።

አንዲት እናት ነበሩ፤ ባላቸው ያረፉ፣ ለጥቂት ላሞች አረቦን የከፈሉ። ለእርሳቸው ለመደወል ስልኩን ሳነሣ፣ የመጀመሪያ ቀኖቼ ሁሉ በአንድ ላይ ተመልሰው የመጡ መሰለኝ። እርሳቸው አነሡት። ሰላምታ ተጀመረ። ቤተሰቡ ነጋ? ነጋ። ልጆቹ ነጋ? ነጋ። ቀጣዩ ጥያቄ ስለ ከብቱ ነው። እንዳልጠይቅ ሥርዓቱን መዝለል ነው፤ መዝለሉም ያው መርዶ ነው። እንድጠይቅ ደግሞ መልሱን አውቀዋለሁ። ጠየቅሁ።

«ከብቱ ነጋ?»

ትንሽ ቆዩ። «ነጋ» አሉኝ።

አንዲትም ላም አልቀረቻቸውም ነበር። ሰላምታው ግን ሰላምታ ነው፤ ሰላም በሌለበትም የሚመለሰው ሰላም ነው። ክፉው የሚነገረው ከዚያ በኋላ፣ በቦታው ነው። እኔም በቦታው ነገርኋቸው፦ ገንዘቡ ለዚህ ወቅት እንደማይመጣ፣ ለምን እንደማይመጣ፣ ልኬቱ የተወሰደው ከእርሳቸው ደጅ ብቻ ሳይሆን ከሰፊው አካባቢ መሆኑን። ውሉን ስንፈራረም እንዲህ ያለ ነገር ሊመጣ እንደሚችል የነገርኋቸውን አስታወሱ። አልተቆጡም፤ ደስም አላላቸውም። እኔም ደስ እንዲላቸው አልጠበቅሁም።

«ከቀበሌ ሰምቼው ነበር» አሉኝ። «አንቺ ትደውያለሽ ብዬ ግን አላሰብሁም።» ቀጥለው በነገሌ በኩል ደመና እንዳለና እንደሌለ ጠየቁኝ። በደጅ ወጥቼ ሰማዩን አየሁላቸው። የለም አልኋቸው።

ያ ጥሪ ምንም አልሸጠም። ለአንድ ሰው የሚረባ ገንዘብም አላስገኘም። የመደወል ፍርሃቴን ግን ሥሩ ድረስ አሳየኝ። በስልክ ሊደርስብኝ የሚችለው የመጨረሻው ክፉ ነገር ያ ነበር፤ ሌላ ሰው የደረሰበትን ሳልሸሽ መስማት። ከዚያ በኋላ «አሁን ሥራ ላይ ነኝ» የሚል፣ ወይም ሳይሰናበት የሚዘጋ ሰው እንዴት ያስፈራኛል?

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ዝናቡ ተመለሰ፤ በየስፍራው ጎርፍ እስኪሆን ድረስ ጣለ። በዚያ ሰሞን አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። ያቺው እናት ነበሩ። ሰላምታውን እስከ መጨረሻው ሰላም ተባባልን፤ «ከብቱ ነጋ?» ስላቸው «ፍየሎቹ ነጋ» አሉኝ። ከዚያ ሌሊቱን በእርሳቸው በኩል እንዴት እንደ ዘነበ፣ ኩሬው እንዴት እንደ ሞላ ተረኩልኝ። ሌላ ጉዳይ አልነበራቸውም። ወሬ ሊሰጡኝ ነው የደወሉት።

ፍርሃቱ ጨርሶ ለቅቆኛል ብዬ አልዋሽም። ዛሬም ከመጀመሪያው ጥሪ በፊት ልቤ አንድ ጊዜ ዘለል ትላለች፤ እንድትተወው አልፈልግም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብርና የመሳሰሉት ገንዘብን በስልክ ውስጥ ስላስገቡት፣ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» የሚሉ ድምፆችም በየገጠሩ ደርሰዋል። እነዚህ ደዋዮች አይንተባተቡም፤ አይፈሩምም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እንዲሉ፣ ሰው የማያውቀውን ድምፅ ቢጠረጥር አልፈርድበትም። እምነቱን ማግኘት የእኔ ሥራ ነው፤ የሚገኘውም በአንድ ጥሪ አይደለም።

ከእናንተ መካከል እንደ እኔ ስልክ አንሥቶ መደወል የሚከብደው ካለ፣ ራሱን አደንድኖ ይሉኝታውን እንዲጥል አልመክረውም። ይልቁን ከመደወሉ በፊት «ለዚህ ሰው ምን ይዤለት እሄዳለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ክፉውን ከመልካሙ ያስቀድም። ዝምታ ሲመጣ ቸኩሎ አይሙላው፤ ከወዲያ ያለው ሰው ጥጃ እያሠረ ይሆናል። «አይሆንም» ሲባል የተመለሰው ምን እንደ ሆነ ይለይ። ሰላምታውን ደግሞ አያሳጥር።

የዘንድሮው የሽያጭ ወቅት እየመጣ ነው፤ ደብተሬ እንደገና ሁለት መቶ ስም ይዟል። አሬሮ ያሉት ሽማግሌም ከእነዚያ አንዱ ናቸው፤ እስከ ዛሬ አልገዙም፣ እኔም የዝናብ ወሬ ባገኘሁ ቁጥር መደወሌን አልተውሁም።

ለሁላችንም ቸር ወሬ ያሰማን።